ስለ ቦርከና ውሃና ስለ ፋብሪካ እጣቢ



ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ ወደ እኛ ወደ ሐርቡ ይወርዳል። በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፤ የቢራና የቆዳ ፋብሪካዎች ከቆሙ ቆይተዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። የሥራ መከፈትን የሚጠላ የለም፤ ከተማሪዎቼም ብዙዎቹ ተስፋ የሚያደርጉት በዚሁ ነው። ነገር ግን የፋብሪካ እጣቢ በገባሮቹ በኩል ቦርከናን እንደሚቀላቀል አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ የታችኛው አገር ገበሬም ከብቱን የሚያጠጣው ከዚሁ ውሃ ነው።

ስለ ማጣሪያ ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበን የመኪናው ዋጋ ነው። ሆኖም ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩት ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው። ችግሩ ውሃው ጠርጎ ይዟቸው መሄዱ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ማረፊያ ያበጁላቸዋል፤ አንዳንዱ ከባሕር ሣር በሚወጣ ሙጫ ውስጥ እንደ አተር ፍሬ አድቦልቡሎ ይይዛቸዋል፤ አንዳንዱም በድንጋይ ወይም በፕላስቲክ ላይ እንዲጣበቁ ያደርጋል። የድንጋዩ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የከተማ ፍሳሽ በድንጋይ ክምር ላይ እየተንጠባጠበ ሲነጻ ኖሯል። ቆሻሻውን የሚበላው በድንጋዩ ላይ የሚበቅለው ሙልጭልጭ ሽፋን ነው፤ የወንዝ ድንጋይ ረግጦ የተንሸራተተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሁሉን ይችላሉ ማለት ግን አይደለም። የቢራ እጣቢ ቀለባቸው ነው። የጨርቅ ቀለም ይከብዳቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ አየር በሌለበት፤ ቀጥሎም አየር ባለበት ገንዳ ማለፍ ይኖርበታል፤ አለዚያ ቀለሙ ጠፍቶ መርዙ ሊቀር ይችላል። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ግን ማዕድን ነውና መልኩን ቢለውጡት እንጂ ሊያጠፉት አይችሉም። ስለዚህ ክሮሚየሙ ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል አስቀድሞ ተለይቶ መውጣት አለበት፤ ሁሉንም በአንድ ቦይ መልቀቅ ሠራተኞቹን መመረዝ ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ለቁጥጥር የሚላኩ ሹማምንት፤ ከነርሱም ይህን ዓምድ የሚያነቡ አይጠፉም፤ «ማጣሪያ አላችሁን?» ብለው ብቻ ባይመለሱ መልካም ነው። መብራት ሲጠፋ አየር መንፊያው ስንት ሰዓት ይቆማል? የክሮሚየሙ ጭቃ የት ይጣላል? በሌሊት የሚለቀቀውንስ ማን ይለካል? የልኬቱም ውጤት በሐርቡና በከሚሴ የቀበሌ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፤ ገበሬው ከብቱን በየትኛው ቀን ከወንዙ ማራቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት መምህር
ከሐርቡ