ግራ እጄን የት ጣልኩት?

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ደጋግሞ እየመጣብኝ ነው፤ እናንተም ጋ ሳይደርስ አልቀረም። ፒያኒስቱ አንዲት ዜማ ይዞ በራግታይም ይጀምራል፣ ወደ ስትራይድ ያልፋል፣ ከዚያ ስዊንግ፣ ቢቦፕ እያለ እስከ ዛሬ ያመጣታል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ከስር ያለውን አስተያየት ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። መጀመሪያ ላይ ያሉት የድሮ ካርቱን ፊልም ይመስላሉ ተባለ። እውነተኛው ጃዝ ከመሀል ነው የሚጀምረው ተባለ። የጃዝ ፒያኖ ታሪክ ማለት በቃ መሰላል ሆነ፤ ታች ያለው ጀማሪ፣ ላይ ያለው አዋቂ።

የሚያናድደኝ እኔም እንደዚያ አስብ ስለነበረ ነው። አንድ አርብ ማታ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ አርብ አርብ ሦስት ሆነን እንጫወት ነበር። እኔ ፒያኖ፣ ሁለቱ ጓደኞቼ ቤዝና ድራም። የዚያን ዕለት ቤዚስቱ ታመመ፣ ድራመሩ ሌላ ሥራ አገኘና ቀረ። ምን ችግር አለው ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ለዓመታት ያጠናኋቸውን የቢል ኢቫንስ ኮርዶች፣ ውብ ውቦቹን ሁሉ አወጣኋቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሆቴሉ ኃላፊ ጠጋ አለና በጣም በትህትና "ወንድሜ፣ ዛሬ ስፒከሩ ተበላሽቷል እንዴ? የሆነ ነገር እየጎደለ ነው" አለኝ።

ስፒከሩ ምንም አልሆነም። የጎደለው ግራ እጄ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ 1920ዎቹ ሃርለም ልውሰዳችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቤት ኪራይ የጨነቀው ሰው ቤቱ ድግስ ይደግሳል፣ መግቢያ ያስከፍላል፣ በተገኘው ገንዘብ ኪራዩን ይከፍላል። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ባንድ የለም። ያለው አንድ ፒያኖና አንድ ሰው ነው፤ ጭፈራው ደግሞ እስኪነጋ። እንግዲህ ቤዙም ድራሙም የዚያ ሰውዬ ግራ እጅ ነው። በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ወደ ታች ወርዶ ወፍራሙን ድምፅ ይመታል፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ወደ መሀል ዘሎ ኮርዱን ይይዛል። ታች፣ መሀል፣ ታች፣ መሀል፤ ሳያይ፣ ሳይስት፣ ሌሊቱን ሙሉ። ስትራይድ የሚለው ስም ራሱ ሰፊ እርምጃ ማለት ነው። ቀኝ እጅ በዚያ ላይ እንደፈለገ ይቀልዳል።

የዚህ አባት ጄምስ ፒ ጆንሰን ነው። በ1921 የቀረጻት "ካሮላይና ሻውት" የዘመኑ ፒያኒስቶች መፈተኛ ነበረች። በዚያን ጊዜ ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ነበር፤ የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ይገባበትና ቁልፎቹ ብቻቸውን ይወርዳሉ። ወጣቱ ዱክ ኤሊንግተን ዋሽንግተን ውስጥ ጥቅሉን አዝግሞ፣ ጣቶቹን በሚወርዱት ቁልፎች ላይ እያሳረፈ ነው ያቺን ዘፈን የተማረው። ይኸው ሰው በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት፣ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ሲሠራ፣ ያ በወረቀት ጥቅል የተገራ እጅ አብሮ መጥቶ ነበር። እኛ "ካርቱን" የምንለው ማለት ነው።

ታዲያ ግራ እጅ ለምን ዝም አለ? ፒያኒስቶቹ ስለበሰሉ አይደለም፤ ሥራውን ሌላ ሰው ስለወሰደው ነው። ካውንት ቤዚን ውሰዱ። ከፋትስ ዋለር እግር ስር የተማረ፣ ስትራይድን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። በ1930ዎቹ ባንዱ ውስጥ ዋልተር ፔጅ ቤዙን ይዞ በእያንዳንዱ ምት ይራመዳል፣ ጆ ጆንስ ድራም፣ ፍሬዲ ግሪን ጊታር ይዘዋል። ቤዚ ግራ እጁን እዚያ ላይ ቢጨምር ግርግር ነው የሚሆነው። ስለዚህ ቀነሰ፤ ሌሎቹ በሠሩት ክፍተት ውስጥ ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ ባድ ፓወል መጣና ቀኝ እጁን እንደ ቻርሊ ፓርከር ሳክስፎን አስሮጠው፤ ግራው ሁለት ሦስት ድምፅ እየጠቀሰ ብቻ ይከተለዋል። ድንቅ ነው። ግን ከጎኑ ቤዝ አለ።

ቢል ኢቫንስ ጋ ስንደርስ ይባስ ብሎ ግራ እጁ የኮርዱን መነሻ ድምፅ ጭራሽ ይተወዋል። በሰኔ 25 ቀን 1961 ቪሌጅ ቫንጋርድ የተቀረጸውን ስሙት። መነሻውን የሚተወው ስኮት ላፋሮ በቤዙ እንደሚይዝለት፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ እንደማይይዝለት ስለሚያውቅ ነው። ሦስት ሰዎች የሚያወጉት ወግ ነው። እኔ የአንዱን ንግግር ብቻ ሸምድጄ ሆቴል ገብቼ ለብቻዬ አወራሁት። ስልክ የሚያወራ ሰው አጠገብ እንደመቀመጥ ነው፤ መልሱ የማይሰማ።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በራሴ ላይ አልደፋም። እኛ አገር ብዙዎቻችን የጀመርነው በ61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። ሪትሙን ትጫናለህ፣ በግራ እጅህ አንድ ኮርድ ትይዛለህ፣ ማሽኑ ቤዙንም ድራሙንም ይጨርስልሃል። የስንቱ ሠርግ በዚያ አልፏል፤ አልንቀውም፣ እንጀራዬ ነበር። ግን ግራ እጅ በዚያ መንገድ ጌታ ሆኖ ያድጋል፤ ቁጭ ብሎ ያዛል እንጂ አይሠራም። ከዚያ በቀጥታ ወደ "ዘመናዊ" ኮርድ ስንዘል መሀል ላይ የሚያስተምረው ሰው አያገኝም። መቼም በአማርኛ ግራ ክብር የለውም፣ ግራ ሲገባን ነው የምናነሳው። (በገና ደርዳሪ ግን ይስቅብናል፤ አውታሮቹን የሚመታው በግራ እጁ ነው።)

መሰላል ነው የሚለውን ደግሞ ራሳቸው ትልልቆቹ ያፈርሱታል። ሞንክ የቢቦፕ አባት ከሚባሉት አንዱ ነው አይደል? ብቻውን የቀረጻቸውን ስሙና ግራ እጁን ተከተሉት፤ ሃርለም ነው፣ ስትራይድ ነው፣ በቃ ጠመም ያለ። ሜሪ ሉ ዊሊያምስ በ1920ዎቹ ጀምራ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የየዘመኑን ስልት ስትጫወት የቀደመውን አልጣለችም፤ ሞንክና ፓወል ቤቷ እየሄዱ ነበር ሐሳባቸውን የሚያሰሙት። ኤሊንግተን በ63 ዓመቱ፣ በ1962፣ ከሚንገስና ከማክስ ሮች ጋር "መኒ ጃንግል"ን ሲቀርጽ ከሦስቱ አዲስ የሚሆነው እሱ ሽማግሌው ነው። ይሄ የኔ ጆሮ ነው፣ ተከራከሩኝ። ጄሰን ሞራንም በ2002 ብቻውን ባወጣው አልበም የጄምስ ፒ ጆንሰንን ሥራ ሲጫወት ሙዚየም አልከፈተም።

"ታዲያ ሁላችንም ስትራይድ እንጫወት ነው የምትለው?" የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ማኮይ ታይነር ከኮልትሬን ጋር ሲሆን ግራ እጁ ታች ወርዶ እንደ ነጋሪት ሲመታ መድረኩን ይሸከማል። የምለው ቤዝ ሲጎድል ማን እንደሚሸከም አስቀድመን እንወቅ ነው። ኪት ጃሬት በጥር 1975 ኮሎኝ ኦፔራ ቤት የጠየቀው ፒያኖ ሳይሆን ሌላ ትንሽ፣ ታቹ የደከመ፣ ላዩ የሚንጫጫ ፒያኖ ነው የቆየው። መሀሉ ላይ ቆየ፤ ግራ እጁን አንድ ሐረግ አስይዞ ደጋግሞ ደጋግሞ አስጓዘው። ስንቱ ቤት የገባው ያ አልበም በዚያ እጅ ላይ ነው የቆመው። ጃሬት በ2018 ሁለት ጊዜ ስትሮክ መታው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለጋዜጣ እንደተናገረው መጫወት የሚችለው በቀኝ እጁ ብቻ ነው። ያንን ካነበብኩ በኋላ ኮሎኝን ስከፍት ቀኙን መስማት ትቻለሁ።

እኔ አሁን ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ግራ እጅ ብቻ እለማመዳለሁ። "ካሮላይና ሻውት"ን፣ በቀንድ አውጣ ፍጥነት። አሁንም ዝላዩን እስታለሁ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እትዬ በአጥር በኩል ጠሩኝና "ልጅህ ፒያኖ ጀመረ እንዴ? በርታ በለው፣ እየገባው ነው" አሉኝ።

ልጅ የለኝም። አመሰግናለሁ፣ እነግረዋለሁ አልኳቸው።