ጠበቃ ስትፈልጉ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ወደ ክፍላችን መጡ። «እስቲ ይኼን ልሞክረው» አሉና ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፃቸው ተቋረጠ። «ከሚደርሰኝ ከብት ግማሹን ለመስጠት ተስማምቻለሁ» ይላል። ከታች የገዛ አውራ ጣታቸው ምልክት አለ።

ወረቀቱ የተጻፈው አምና ነው። እናታችን ከባለቤታቸው ሊፋቱ ፈልገው ጂንካ ሄደው ነበር። በቅዳሜ ገበያ አንድ ሰው «ጠበቃ ነኝ» አላቸው። ሁለት ፍየል ሸጠው ከፈሉት። ያን ጊዜ ማንበብ አይችሉም። «ስምዎ ነው የተጻፈው፣ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ» ሲላቸው አሳረፉ። በኋላ ሲጠየቅ ሰውየው ጠበቃ አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጠበቃ ነው።

ጠበቃ ማለት ሕግ የተማረ፣ በሰው ፈንታ ችሎት ቆሞ እንዲከራከር ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ ጠበቃ አይደለም። ደላላም አይደለም። እናንተ አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። «የጥብቅና ፈቃድህን አሳየኝ» በሉት። ስሙንና ቀኑን አንብቡ። ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ፍርድ ቤትና ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ቅዳሜ ዝግ ናቸው። ለማጣራት ከሰኞ እስከ ዓርብ ሂዱ። ለገበያ የመጣ ሰው በደላላ እጅ የሚወድቀው አንዱ በዚህ ይመስለናል።

ለመሆኑ ጠበቃ የግድ ነው ወይ? አይደለም። በፍቺ፣ በንብረት ክፍፍል ወይም በልጅ ቀለብ ጉዳይ ራሳችሁ ቆማችሁ መናገር ትችላላችሁ። ችሎቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ አማርኛ የሚከብደው የሐመር ወይም የአሪ ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ ጠበቃው ክሱን ብቻ እንዲጽፍለት መዋዋል ይችላል። ይህ ከሙሉ ክርክር ይረክሳል። ነገር ግን ከብቱ ብዙ ከሆነ፣ ቤትና መሬት ካለ፣ ወይም ሌላው ወገን ጠበቃ ከያዘ፣ እናንተም ብትይዙ ይሻላል እንላለን።

ዋጋው በስምምነት ነው። በግ ስትገዙ አንዱን ብቻ አይታችሁ አትከፍሉም፤ ሁለት ሦስት ጠበቃ ጠይቁ። «ይህ ዋጋ እስከ ፍርድ ነው ወይስ አፈጻጸምንም ይጨምራል?» በሉ። አፈጻጸም ማለት የተፈረደላችሁን ከብት ወይም ገንዘብ በእጃችሁ ማስገባት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ቀርቶ ሁለተኛ ይከፍላል። በየጊዜው ከፍላችሁ ለመጨረስም መዋዋል ይቻላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ አንዱ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቅር። ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው ሌላ ነው። ዳኝነት ይባላል። አቅም ለሌለው ሰው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ «በደሃ ደንብ» መክሰስን ይፈቅዳል። ያላችሁን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝራችሁ በመሐላ ታረጋግጣላችሁ። አንዲት ፍየል እንኳ አትደብቁ።

ነፃ እርዳታም አለ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሴቶችን ያለ ክፍያ ሲረዳ ቆይቷል። እንደ ሐዋሳና ጅማ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎችም ለድሆች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጥተዋል። ጂንካም ዩኒቨርሲቲ አላት፤ እዚያ ጠይቁ። የወረዳውን የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ።

«ሽማግሌ እያለ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል?» የሚሉን አሉ። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ እኛም እንወዳለን። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ሕግ የሚዳኘው ሁለቱም ባለጉዳዮች ሲፈቅዱ ነው ይላል። ጋብቻ ሲፈርስም ሴትና ወንድ እኩል መብት እንዳላቸው እዚያው ተጽፏል።

እናታችን ሰኞ ጂንካ ይሄዳሉ። ያ ወረቀት ይጸናል ወይስ አይጸናም? ጠበቃውን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው። ትናንት «ፈቃድ» እና «አፈጻጸም» የሚሉትን ቃላት በሰሌዳው ላይ ሦስት ጊዜ አስጻፉንና በደብተራቸው ገለበጡ።