አራቱም ጎማ ቢጎትት ዳገት ያው ዳገት ነው

በአሜሪካ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤተሰቦች ሣር የሚያጭዱባት ትንሽ ትራክተር አለቻቸው። ሞተሯ የሚያሽከረክረው ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ እርጥብ ዳገት ላይ ትንሸራተታለች። እጃቸው ሥራ የለመደ አባቶችና አያቶች ታዲያ ከሌላ አሮጌ ማሽን ዲፈረንሻል ፈትተው ከፊት በመግጠም ቤታቸው ውስጥ ፎር ዊል ያደርጓታል።

ሥራው ለልጆች ጥሩ ትምህርት ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎች መጠናቸው ከተለያየ፣ እኩል መንገድ እንዲሄዱ የጥርሶቹ ብዛት ተሰልቶ መመጣጠን አለበት። አለዚያ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ጎማ ይበላል፣ ጥርስ ይሰብራል። ስሌቱን ለልጁ ስጡት። በክሪክ ብቻ ከተነሣች ትራክተር ሥር ግን ማንም አይግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግላት።

ከሁሉም በላይ ልብ ልንለው የሚገባው፣ ፎር ዊል መንሸራተትን ይቀንሳል እንጂ መገልበጥን አያስቀርም። እንዲያውም ቀድሞ ከማትወጣው ዳገት ላይ ስለሚያወጣት አደጋው ሊብስ ይችላል። ለእነዚህ ማሽኖች የተለመደው የዳገት ወሰን 15 ዲግሪ ነው፤ ፎር ዊል ስለሆነች ወሰኑ አይነሣም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዳይነዳት፣ ሕፃንም ተሳፋሪ ሆኖ እንዳይቀመጥባት ይመክራል።

ስለዚህ የልጅ ልጅዎ «አባባ፣ እኔንም አሳፍረኝ» ሲልዎት እሺ አይበሉት። ይልቅ ሞተሩ ጠፍቶ ስትጠገን «ና፣ መፍቻውን አቀብለኝ» ይበሉት።