የተነበበ ጋዜጣ ለዋሂል እጆች

ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ፣ ማለዳ። የሰውን ፊት ትቶ እጁን ብቻ ላየ ብዙ ይገባዋል። ከገጠር የገባችው ሴት ዕቃዋን በዘንቢል ወይም በጆንያ ይዛ ትመጣለች። ስትመለስ ግን ስኳሩም ሳሙናውም የልጆቹ ከረሜላም በየራሱ ፌስታል ተቋጥሯል። ፌስታሉ ቤት ደርሶ ይፈታል፤ ከዚያ ንፋስ ይወስደዋል፣ እሾህ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲከፋም ፍየል ትውጠዋለች። ከተማ ውስጥ የቀረው ደግሞ ቦይ ይደፍናል። የድሬዳዋ ሰው ጎርፍን በዋዛ አያነሳም፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የተደፈነ ቦይ ለዚህች ከተማ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሕጉስ አልዘገየም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፤ የተቀመጠው ልክ 0.03 ሚሊ ሜትር ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ጨርሶ አገደ። በሁለቱ አዋጆች መካከል 18 ዓመት አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ክልከላው ብዙ ተወራ፤ “ታዲያ በምን እንያዝ? በምን እናስቀምጥ?” ለሚለው የእናቶች ጥያቄ ግን የረባ መልስ አልመጣም።

ለመያዣው መልስ የሚሰጡ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ቴኪ የተባለው ድርጅት መስማት የተሳናቸውን ሴቶች ቀጥሮ የወረቀት ከረጢት ያመርታል። የቤት ውስጡ ማስቀመጫ ግን እስካሁን ባለቤት አላገኘም። ልብሱ፣ ክሩ፣ የልጆች ደብተርና መጫወቻው የሚገባው የፕላስቲክ ሳፋና ሳጥን ውስጥ ነው። ለዚህ መልስ ሊሆን የሚችለው ከአሮጌ ጋዜጣ የሚሠራ ቅርጫት ነው፤ መወዳደር ያለበትም ከዚህ ሳፋ ጋር ነው። ከመሶብ ጋር ልወዳደር ካለ ግን ገና ሳይጀምር ተሸነፈ።

አሠራሩ ለማየት ቀላል፣ ለመሥራት አድካሚ ነው። ጋዜጣው በቁመቱ ጠበብ ጠበብ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ በቀጭን ዘንግ ላይ በሰያፍ ተጠቅልሎ ጫፉ በኮላ ይያዝና ዘንጉ ይመዘዛል፤ የሚቀረው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ሲያልቅ የሚቀጥለውን ቱቦ ቀጭን ጫፍ በወፍራሙ ውስጥ መሰካት ነው። መቀመጫው ከካርቶን ይወጣል፤ ዙሪያውን ቋሚዎች ይተከሉና ሌሎቹ በመካከላቸው እየተሹለከለኩ ይወጣሉ። በአንድ ቱቦ ብቻ ለሚዞር ሥራ የቋሚዎቹ ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ከሆነ በሁለተኛው ዙር ያው በላይ ያለፈበትን መልሶ በላይ ያልፋል፣ አይቆላለፍም። በመጨረሻ በውኃ የቀጠነ ኮላ ወይም ቫርኒሽ ይቀባል። ለአንድ መካከለኛ ቅርጫት ከመቶ በላይ ቱቦ ይሄዳል። መጠቅለሉ ከመሥራቱ የበለጠ ጊዜ ይበላል፤ ይህን ሳይናገር “በቀላሉ ገቢ ያስገኛል” የሚል አሠልጣኝ ካለ አይታመንም።

ይሁንና ይህ የሩቅ አገር ዘዴ ነው። እዚህ ሌላ መንገድ አለ። የአገራችን ስፌት ስንደዶውን ከውስጥ አድርጎ በአክርማ እየጠመጠመ፣ በወስፌ እየወጋ ዙር በዙር ይነሳል። ስንደዶው በወረቀት ቱቦ ቢተካስ? ስፌት የምታውቅ ሴት አዲስ ሙያ መማር የለባትም፤ የምትለውጠው ጥሬ ዕቃውን ብቻ ነው።

ዋሂል የሚነሳውም ለዚህ ነው። እንደ ቢዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ ሁሉ በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር የምትገኝ ናት። ዝናብ ባጠረባቸው በእነዚህ የማሽላ ቀበሌዎች ከእርሻ ውጭ የሚገኝ ገቢ ቅንጦት አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ደግሞ የኦሮሞዋም፣ የሐረሪዋም፣ የሶማሌዋም እጅ ለስፌት እንግዳ አይደለም። ከድሬዳዋ ሀምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ሐረር ስፌቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ የምታሳይ ከተማ ናት፤ ልጃገረዶቿ “ሞይ ጋር” በሚባለው የሥራ ቤት ተሰብስበው ይማሩት ነበር። ዋሂል የምትፈልገው እንዲህ ያለ ቤት ነው። ሰርተፍኬት ታድሎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚበተን የሦስት ቀን ሥልጠና ግን ይበቃል።

የወረቀት ጉድለቱ መደበቅ የለበትም። ውኃ አይወድም። ምስጥ ይወደዋል፤ በዱቄት ሙጫ ከተጣበቀ ደግሞ አይጥም ይጋብዛል፤ በረሃ ቀመስ በሆነ አካባቢ ምስጥ ምን እንደሚያደርግ ገበሬው ያውቃል፤ ስለዚህ ኮላው ይመረጣል፣ ቅርጫቱም መደርደሪያ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይቀመጥም። የማተሚያ ቀለም ያለበት ወረቀት እንጀራም ቆሎም አይነካውም። በተረፈ የድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነው፤ ሌላ ቦታ ቀናት የሚጠብቅ ቅብ እዚህ ቶሎ ይደርቃል።

“ወረቀት ምን ጥንካሬ አለው?” የሚል አይጠፋም። በ1917 እ.ኤ.አ. ማርሻል በርንስ ሎይድ የተባለ አሜሪካዊ የተጠማዘዘ ጠንካራ ወረቀት ሸምኖ፣ ቋሚዎቹን በሽቦ አጠንክሮ የሕፃናት ጋሪ ሠራ፤ ከዚያ ወንበሩ ተከተለ። የዚያ ዘመን ወንበሮች ዛሬም የሚቀመጥባቸው አላጡም።

ከጥንካሬው ይልቅ የሚያስቸግረው ገዢ ማግኘቱ ነው። የሩዋንዳ ሴቶች ባህላዊ ስፌት ወደ ዓለም ገበያ የደረሰው ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜሲስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር ስለሸጠላቸው ነው። ትዕዛዝ ሲመጣ እጅ ይከተላል። ለዋሂል አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የድሬዳዋ ሆቴሎች የፎጣና የልብስ ማጠራቀሚያ ይገዛሉ፤ መሥሪያ ቤቶች የወረቀት መጣያ ይገዛሉ። የጨረታ ሰነዳቸው ላይ “ፕላስቲክ” የሚለውን ቃል በ“ቅርጫት” መለወጥ ምንም በጀት አይጠይቅም።

ጥሬ ዕቃው ሞልቷል። ቆራሌው ካርቶንና ጋዜጣ በኪሎ ይሰበስባል፤ የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ በየቀኑ የካርቶን ክምር ያወጣል፤ በሰኔ የተማሪው ሁሉ ደብተር ያልቃል። መዝገብ ቤቶችም ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት ሲያስወግዱ ማቃጠል ይቀናቸዋል። ምስጢር እንዳይወጣ የሚሰጋ ኃላፊ ካለ ይረጋጋ፤ ቱቦ ሆኖ ተጠቅልሎ፣ ኮላ ጠጥቶ ቫርኒሽ የተቀባ ደብዳቤ ፈትቶ የሚያነብ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ የድሬዳዋ መሥሪያ ቤቶች፣ ማተሚያ ቤቶችና ሆቴሎች በዚህ ዓመት የሚያቃጥሉትን ወረቀት በጆንያ ሞልተው፣ አብረውም የመጀመሪያውን የሃምሳ ቅርጫት ትዕዛዝ ጽፈው ወደ ዋሂል ይላኩ።