ዓሣውን የሚገድለው ስንፍና ሳይሆን ባልዲው ነው

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ዓሣ ማርባት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ቅንጦቱ ይቆይና ሌላ ነገር እንይ። በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ የድንች ማስቀመጫ ሆኖ የቀረው የመስታወት ገንዳ ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ዓሣዎቹ ሞቱ፣ ልጆቹ አለቀሱ፣ ጥፋቱም በባለቤቱ ላይ ተለጠፈ። «ሰነፍ ነው፣ ውሃውን አይቀይርም» ተባለ።

ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። ቀላል ሒሳብ ይሠራ። 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ውሃው ብቻ 100 ኪሎ ይመዝናል። በየሳምንቱ ሩቡን መቀየር ማለት 25 ኪሎ ማውጣት፣ 25 ኪሎ መልሶ ማስገባት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላ ሰው ይህን በባልዲ እያንጠባጠበ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ቀልድ ነው። አንድ ሳምንት ይዘላል፤ ሳምንቱ ወር ይሆናል። ከዚያ አንድ እሁድ ወኔው ይመጣና ሁሉንም ደፍቶ፣ ጠጠሩን በሳሙና አጥቦ፣ ከቧንቧ በቀጥታ ይሞላዋል። በቀናት ውስጥ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ።

ልብ በሉ፣ የገደላቸው ጽዳቱ ነው። ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ይገድላል። ናይትሬት ከሁለቱ በብዙ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ውሃ የሚቀየረው በዋናነት ይህን ክምችት ለመቀነስ ነው። ሁሉን ደፍቶ በሳሙና ያጠበ ሰው ግን መርዙን የሚያጠፉለትን ባክቴሪያዎች ጨረሰ፤ የቧንቧው ክሎሪን ደግሞ የተረፉትንም ዓሣዎቹንም ጎዳ። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል። ይህ የሚሆነው ግን ሥራው ቀላል ሲሆን ብቻ ነው።

ሥራውን የሚያቀለው ተራ የውሃ ጎማ ነው። ነዳጅ ከታንከር በጎማ የሚስብ ሹፌር ዘዴውን ያውቀዋል፤ እዚህ በአፍ መሳብ እንኳ አያስፈልግም። ጎማውን በውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፎች በጣት መድፈን፣ አንዱን ገንዳው ውስጥ ማስገባት፣ ሌላውን ከገንዳው ዝቅ ባለ ቦታ መልቀቅ ነው። የገንዳው ጫፍ ወደ ጠጠሩ ጠጋ ካለ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ጎማው መታጠቢያ ቤት ከደረሰ ባልዲ የሚነካ የለም።

የሚገባው ውሃ ትንሽ ዝግጅት ይፈልጋል። አፉ ሰፋ ያለ በርሜል ውሃ በመጣ ቀን ይሞላና በሻሽ ይሸፈናል። አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ክሎሪኑ ይበንናል፤ የአየር ፓምፕ ቢገባበት ደግሞ ይፈጥናል። የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ነው፤ አብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሣዎች ግን 24 ወይም 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በቴርሞሜትር እያዩ ጥቂት የፈላ ውሃ በርሜሉ ውስጥ መቀላቀል ነው። ከዚያ ውሃ ውስጥ የምትጠልቅ ትንሽ ፓምፕ በጎማ ወደ ገንዳው ታስገባዋለች። ሰውየው ቡናውን እየጠጣ ያያል።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ አንባቢዎች ግን ይህ የማሳደር ዘዴ አይሠራም። እዚያ ውሃው ውስጥ የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ ክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን በማደር አይበንንም። ክሎራሚንን ለማከም የተዘጋጀ መድኃኒት የግድ ነው።

ወደ ቅንጦቱ እንመለስ። በሳምንት 25 ሊትር ብዙም ጥቂትም ሊባል ይችላል። ነገር ግን ይህ ውሃ አይባክንም። ናይትሬት ለተክል ምግብ ስለሆነ የወጣው ውሃ በረንዳ ላይ ላለ አበባም፣ ለጓሮ ጎመንም ይሆናል፤ ካልሆነም የሽንት ቤት ውሃ ይተካል። እንደ እውነቱ ከሆነ ውሃ አባካኙ በየሦስት ወሩ መቶውንም ሊትር ደፍቶ፣ ዓሣውን ገድሎ፣ እንደገና የሚጀምረው ነው።

እዚህ ላይ ሻጮችም መጠየቅ አለባቸው። ገንዳው፣ ባለ ቀለም መብራቱ፣ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ይሸጣል። ውሃው እንዴት እንደሚቀየር ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ ሲናገሩም «በየወሩ አጥበህ ሙላው» የሚሉ አሉ። ይህ ምክር ለሻጩ አዲስ ዓሣ ያሸጥለታል።

ገዢውም ቢሆን ገንዳውን እንግዳ የሚያየው ማዕዘን ላይ ከመትከሉ በፊት ከዚያ እስከ መታጠቢያ ቤት ስንት ሜትር እንደሆነ ይለካ። ዋጋ ሲከራከርም ቤተ መንግሥቱን ትቶ «ጎማውን ጨምርልኝ» ይበል።