«ተጠርቻለሁ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ዓቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «ና ማኪያቶ ልጋብዝህ» አለኝ። ነገር እንዳለ ያኔውኑ ገባኝ፤ እሱ ሰው ጋብዞ አያውቅም። ቁጭ እንዳልን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ አደረገና «ሥራ ልለቅ ነው» አለ። «የተሻለ አገኘህ እንዴ?» ስለው፣ «አይ፣ ተጠርቻለሁ። ሙሉ ጊዜዬን ለአገልግሎት ልሰጥ ነው» አለኝ።

ጓደኛዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የእናቱን የቤት ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። ታናሽ እህቱን ኮሌጅ የሚያስተምራትም እሱ ነው። «ማን ደወለልህ?» ብዬ ልቀልድ አሰብኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት። ለካ በቴሌግራም የጸሎት ቡድን ውስጥ የተዋወቀው ሰው «አንተ ለቢሮ የተፈጠርክ ሰው አይደለህም፣ እግዚአብሔር ለሌላ ነገር ይፈልግሃል» የሚል የድምፅ መልእክት ልኮለታል። አሰማኝ። አርባ ሰከንድ አይሞላም። ሰውየውን በአካል አይቶት አያውቅም።

ትንሽ ቆየሁና «ቢሮ ምን ተፈጠረ?» አልኩት። ዝም አለ። ቀስ እያለ ነገረኝ። አለቃው የድርጅቱን ሽያጭ ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ሁለተኛ መዝገብ እንዲሠራና እንዲፈርምበት ጠይቆታል። እምቢ እንዳይል እንጀራው ነው፤ እሺ እንዳይል ኅሊናው አልፈቀደለትም። ያ የድምፅ መልእክት የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው፤ ልፈርድበትም አይደለም። እኔ ራሴ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ «የእግዚአብሔርን ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው» እያልኩ እናቴ እንጀራ ሸጣ በምታመጣው ብር ኖሬያለሁ። ስናገረው ከልቤ ነበር። ግን ግማሹ ፈቃድ መጠበቅ፣ ግማሹ ደግሞ ማመልከቻዬ ሁለተኛ እንዳይመለስብኝ መፍራት ነበር። ፍርሃት መንፈሳዊ ልብስ ሲለብስ ባለቤቱም አይለየውም።

ችግሩ የሚጀምረው «ጥሪ» የሚለውን ቃል ካጠበብነው ላይ ይመስለኛል። አገልጋይ ስንል ማይክ የያዘ ሰው ነው የሚታየን፤ የሚሰብክ፣ የሚዘምር፣ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ የሚያስተምር። ሌሊቱን ሙሉ የማታውቀውን በሽተኛ ስታገላብጥ የምታድር ነርስ አገልጋይ ተብላ አትጠራም። የተረሳ ስልክ ይዞ ባለቤቱን ሲፈልግ የሚውል የታክሲ ረዳትም እንደዚያው። ስለዚህ እሁድ የተጠራን፣ ሰኞ ግን ደመወዝ ለመብላት ብቻ የምንውል ይመስለናል። እሁድ የምናለቅስ ሰዎች ሰኞ ሚዛን እናጎድላለን፣ ያለ ደረሰኝ እንሸጣለን፣ ባለጉዳይ «ነገ ና» እያልን እናመላልሳለን። ሥጋና ወተት ጾመን የሰው ስም ስንበላ እንውላለን፤ ደግሞ በስልካችን «ለአሥር ሰው ካልላክህ በረከት ያመልጥሃል» እንባባላለን።

መጽሐፍ ቅዱስን ስናየው ግን ነገሩ እንዲህ ጠባብ አይደለም። ሦስት ጊዜ ስለ ቀራጮች የተጻፈውን እንይ። በዚያ ዘመን ቀራጭ ማለት ከታዘዘው በላይ እየሰበሰበ ልዩነቱን ኪሱ የሚከት ተብሎ የሚጠላ ሰው ነው። ሉቃስ በምዕራፍ 3 እንደጻፈው፣ ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ለወታደሮቹም ሰው አታስጨንቁ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ማቴዎስ ግን ከመቅረጫው ቦታ ተነሥቶ እንዲከተል ተጠራ፤ ትቶ ሄደ። ዘኬዎስ ደግሞ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች ሊሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ሥራውን ለቀቀ የሚል ግን አልተጻፈም።

ሙያው አንድ ነው፣ ጥሪው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ወጣ፣ ሌሎቹ ባሉበት ቦታ ሌላ ሰው እንዲሆኑ ተጠየቁ። ጳውሎስም ቢሆን ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነው የሠራው። ድንኳን መስፋቱ ከሐዋርያነቱ አላጎደለበትም።

«ታዲያ ማንም ሥራውን አይልቀቅ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሄዱ። እዚያ ያገኙት በረሀብ የሚያልቅ ሕዝብ ነበር። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ፤ ማለፍ አቃታቸው። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ከ20 በለጡ። ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን አጡበት። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር እስካረፉ ድረስ ግን ከዚያ መንገድ አልወጡም። እሳቸውን የጠራቸው የድምፅ መልእክት አይደለም፤ ፊት ለፊታቸው የነበረ ሕፃን ነው።

እኔ ጥሪን ለመለየት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? እኔ ለአገልግሎት ወጥቼ ኪራዩ እናቴ ትከሻ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ መሥዋዕት ያቀረብኩት እኔ ሳልሆን እሷን ነው። ሁለተኛ፣ የነገረኝ ሰው ያውቀኛል ወይ? የነፍስ አባት፣ መጋቢ፣ አብሮ አደግ ጓደኛ ስንፍናችንንም ስጦታችንንም ያውቃል፤ ያላየን ሰው ግን ምኞታችንን ነው የሚነግረን። ሦስተኛ፣ ጊዜ ይችላል ወይ? ዛሬ ካልለቀቅክ አበቃ የሚያሰኝ ጥድፊያ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ብዬ አላምንም። አራተኛው ይከብዳል፤ አሁን ባለሁበት ቦታ መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩት «እምቢ» አለ ወይ?

መቆየትም የራሱ ማምለጫ አለው። በደመወዝ ፍቅር ታስረን «ጥሪዬ እዚሁ ነው» የምንል ብዙ ነን። ሳይዋሹ ሊሠራ የማይችል ሥራ ካለ ደግሞ መልቀቅ ግድ ነው። ብቻ የምንለቀው ለምን እንደሆነ ለራሳችን እውነቱን እንናገር።

ለጓደኛዬ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ «ልቀቅም አልልህም፣ ቆይም አልልህም። መጀመሪያ ያን ወረቀት አልፈርምም በል። ከዚያ በኋላም ጥሪው ካለ ፋሲካን ጠብቀን እንነጋገራለን።»

አልፈረመም። አለቃው ምንም አላለውም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከሒሳብ ክፍል ወደ መጋዘን አዛወሩት። የዓመቱ የደመወዝ ጭማሪም አለፈው። ይህን የምነግራችሁ እውነት የተናገረ ሁሉ ወዲያው ይባረካል እንዳትሉኝ ነው። አሁን ካርቶን ይቆጥራል። የእናቱ ኪራይ በሰዓቱ ይከፈላል፤ እህቱ ዘንድሮ ትመረቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ በነፃ ያስጠናል።

ፋሲካ አልፎ ስንገናኝ «ጥሪውስ?» አልኩት። «ገና አልገባኝም» አለኝ። «ግን ድሮ ጠዋት ጠዋት ከቢሮው አውጣኝ ብዬ ነበር የምጸልየው። አሁን ስገባ ነው የምጸልየው።»

እናንተስ? ነገ ጠዋት የምትገቡበት ቦታ ማን ይጠብቃችኋል? የሚጠራችሁ ምናልባት እሱ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን!