ፎቁ ወደ ሰማይ፣ ዕዳው ወደ እኛ!

እኔ የአየር ጤና ሰው ነኝ። ጠዋት ጠዋት በታክሲ ተጠቅጥቄ፣ በጦር ኃይሎች አድርጌ ሜክሲኮ ስደርስ ከሩቅ የሚቀበለኝ ያ መስታወት የለበሰው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ነው። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ እናት አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩትና፣

«ልጄ፣ ይሄ የማነው?» አሉኝ።

«የባንክ ደብተር አለዎት እማማ?»

«መቼስ ትንሽ አትጠፋም።»

«እንግዲያው የእርስዎም ነው!»

ሳቁብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ጎበዝ! ፎቅ ጠላ እንዳትሉኝ። ሕንፃው የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ በ209 ሜትር ቁመቱ ከምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ ተብሎለታል። የሠራው የቻይና ተቋራጭ ነው። የፈጀውም ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ማማርስ ያምራል።

እኔን የሚከነክነኝ የሚታየው ፎቅ ሳይሆን የማይታየው ነው። ባንኩ ከየደብተሩ የተለቃቀመውን ገንዘብ ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ሲያበድር ኖረ። ለመብራቱ፣ ለስኳሩ፣ ለባቡሩ! ብድሩ አልመለስ ሲልስ? በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ ለባንኩ እንዲሰጥ አጸደቀ። በቀላል አማርኛ፣ ዕዳው ከድርጅቶቹ ወደ መንግሥት ዞረ። አልሸሹም ዞር አሉ! መንግሥትስ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ከእኔና ከእማማ ግብር ነዋ!

«ታዲያ ባንኩ ይውደቅ ወይ?» የሚል ይኖራል። የለም፣ አይውደቅ! እሱ ከወደቀ የምንቀበረው እኛ ነን። መዳኑን አልተቃወምኩም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ብድር ማን ፈቀደ? ማን ፈረመ? አዋጭነቱን ማን አጠና? ነገስ እንዳይደገም ማነው ዘብ የሚቆመው? ዕዳውን እንድንሸከም እጁን ያወጣው ፓርላማ፣ ይህንንም በአደባባይ ጠይቆ መልሱን ሊያሰማን ይገባል። ሰው የሚከፍለውን ሒሳብ ማየት መብቱ ነው። ምግብ ቤት እንኳ ቢል ሳያመጣ ገንዘብ አይቀበልም!

የፎቁን ቁመት በሜትር ነግራችሁናል፤ እናመሰግናለን። አሁን ደግሞ የዕዳውን ጥልቀት ንገሩን። ከዚያ ጫፍ ላይ ሆኖ ለሚያይ አየር ጤና ጭላንጭል ናት። የፎቁ መሠረት ግን እዚህ፣ በእማማ ደብተር ላይ ነው።

ቸር ይግጠመን!